ከረጢት ይዘህ ወደ ጉባኤ ግባ

ይህን መልእክት በሬዲዮ ካስተላለፍን በኋላ "በወረቀት ይውጣልን" ስላላችሁ እነሆ አሳጥረን አቅርበነዋል። የምናወራው ስለ ሆድ ዕቃ ነው፤ ስለ ሰገራና ስለ ሽንት። ገና ከጅምሩ ፊትህን ካጨማደድክ ትንሽ ታገሰኝ። መድረክ ላይ ቆመን ስለ ልብ ሰብከናል፣ ስለ ዓይን ሰብከናል፣ ስለ ተንበረከከ ጉልበት ሰብከናል። አንጀትን ግን "አንጀቴን በላኝ" ከማለት በቀር ስሙን አንጠራም። በዚህ ዝምታ ምክንያት በየቤቱ ተደብቀው የቀሩ ቅዱሳን አሉ። ዛሬ የምናገረው ለእነሱ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ለእኛ፣ እንዲደበቁ ላደረግናቸው።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ስለሚኖር ላስረዳ። አንጀት ሲበሳ፣ ሲዘጋ ወይም ሲሞት ሐኪሙ የተበላሸውን ቆርጦ ያወጣና ጤነኛውን ጫፍ በሆድ ቆዳ በኩል ወደ ውጭ ይሰፋዋል። ከዚያ በኋላ ሰገራ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው፤ ቆዳው ላይ የሚለጠፍ ከረጢት ይቀበለዋል። ከትልቁ አንጀት ከሆነ ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ ከሆነ ኢሊዮስቶሚ ይሉታል። ቀዳዳው ራሱ ስቶማ ይባላል። ሽንትም እንዲሁ በሆድ በኩል እንዲወጣ የሚደረግበት ጊዜ አለ። ለአንዳንዱ ሰው ይህ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፣ አንጀቱ ዳግም ተቀጥሎ ይመለሳል። ለሌላው፣ ለምሳሌ የፊንጢጣ ካንሰር ለነበረበት፣ ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ለዚህ ከሚያደርሱት አንዱ የአንጀት መጠማዘዝ ነው። በተለይ ጎልማሳ ወንዶች ላይ ይበዛል። ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሰገራ እምቢ ይላል፣ አየር እንኳ አይወጣም። ሰውየው "ቁርጠት ነው፣ ይለቀኛል" እያለ ዳማከሴ ሲጠጣ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ያልፋል፤ የተጠማዘዘው አንጀት ደም አጥቶ ይሞታል። ከዴቻ ወይም ከጨና ገጠር በቃሬዛ ወርዶ፣ መኪና ጠብቆ፣ ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል እስኪደርስ፣ ጅማ ሂድ ከተባለም ሌላ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለው። በጊዜ የደረሰ አንጀቱ ተፈትቶለት ሊተርፍ ይችላል። የዘገየ ግን ይቆረጣል። ስለዚህ ወገኔ፣ ሆድ ተነፍቶ ሰገራና አየር ከዘጋ ጸልይ፤ እየጸለይክ ግን መኪና ፈልግ።

ታዲያ ሰውየው ከሞት ተርፎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል መሰላችሁ? ሹክሹክታ። መጽሐፍ የሚያውቀው ሰው ደግሞ 2ኛ ዜና መዋዕል 21ን ይጠቅሳል፤ ንጉሡ ኢዮራም በአንጀት ደዌ ተመቶ አንጀቱ እስኪወጣ ድረስ የተሠቃየበትን ታሪክ። "አየህ፣ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው" ይባላል። እስቲ ምዕራፉን ከላይ ጀምረህ አንብበው። ኢዮራም ገና እንደ ነገሠ ስድስት ወንድሞቹን በሰይፍ የገደለ ሰው ነው። አንተ ቆጮህን በልተህ ቡናህን ጠጥተህ የተኛህ ገበሬ ነህ። ምን አገናኛችሁ? ጌታ በዮሐንስ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዓይነ ስውሩ "ማን በደለ?" ብለው ሲጠይቁት ጥያቄውን ራሱን ነው ያልተቀበለው። ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል፤ "ኃጢአትህን ተናዘዝ" ብሎ ሲያስጨንቀው አናነብም። ለሕዝቅያስም ኢሳይያስ ጸሎት ብቻ ሳይሆን የበለስ ጥፍጥፍም አዟል።

አንዳንዱ አገልጋይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። "በእምነት አውልቀው! ከረጢቱ የአለማመን ምልክት ነው!" ይላል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህን ድምፅ አትስማ። እኔ ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፣ ለታመሙ እጄን እጭናለሁ፣ ዘይትም እቀባለሁ። ግን ከረጢቱን ስታወልቅ አንጀት አይገጠምም፤ ሰገራው ቆዳህ ላይ ይፈስሳል፣ ቆዳህም በሁለት ቀን ይላጣል። ሆድህን በጉልበት የሚጫንህንም "ቀስ በል" በለው፤ ጸሎት ጡንቻ አይጠይቅም። ሊመለስ የሚችል ስቶማ ከሆነ የሚመልሰው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፣ ቀጠሮ አለህ። በማፈርህም ሆነ በትራንስፖርት ገንዘብ ምክንያት ቀጠሮውን አትለፈው። ስንቱ ለጥቂት ወር የተሠራለትን ለዓመታት ይዞት ይዞራል!

አሁን ወደ ሰውነትህ እንምጣ። ብዙ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቶማውን ሲያይ ይደነግጣል። ቀይ፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። የከንፈርህን ውስጠኛ ክፍል በመስታወት እይ፣ እንደዚያ ነው። ሲነካ አያምም። ስትጠርገው ትንሽ ደም ነጠብ ቢል አትደንግጥ፣ ቀጭን የደም ሥሮች ስላሉት ነው። መጀመሪያ ያብጣል፤ በስድስትና በስምንት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ የከረጢቱን ቀዳዳ ስትቆርጥ በሆስፒታል በተሰጠህ ልክ ዝም ብለህ አትቀጥል፤ በየሳምንቱ ለካው። ቀዳዳው ከስቶማው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይስፋ። ከዚያ ከሰፋ ሰገራው ቆዳ ይበላል፤ ከጠበበ ስቶማውን ያንቃል።

ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠበው፣ በደንብ አድርቀው። የሚለጠፍ ከረጢት የምታደርግ ከሆነ ዙሪያውን ቅባት አትቀባው፤ አይጣበቅልህም። ከረጢቱ ሲሦው ወይም ግማሹ ሲሞላ አፍስሰው፤ ሙሉ እስኪሆን የጠበቀ ሰው በክብደቱ ይገነጠልበታል፣ ያውም ሰው መሀል። ከረጢት ሲያልቅብህስ? በየፋርማሲው እንደማይገኝና ሲገኝም ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ፌስታል በፕላስተር አስሮ የሚኖር ሰው አይቻለሁ። እንግዲህ ግድ ከሆነ ዙሪያውን ቆዳ በዚንክ ኦክሳይድ ወይም በቫዝሊን ወፈር አድርገህ ሸፍነህ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አጥፈህ አድርግበት፣ በሰፊ መቀነት ደግፈው። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ለውጥ፤ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ያኔ ቅባቱ ይፈቀዳል፣ የሚጣበቅ ነገር የለማ!

የሚያስቸኩሉ ምልክቶችን ልንገርህ። ስቶማው ከጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ ከመሰለ፣ ምንም ነገር መውጣት አቁሞ ቁርጠትና ትውከት ከመጣ፣ ደሙ አልቆም ካለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂድ። በሌላ በኩል የፊንጢጣህ ጫፍ ተዘግቶ ውስጥ ከቀረ፣ አንዳንዴ በታች በኩል "ሽንት ቤት ሂድ" የሚል ስሜት ይመጣብህና እንደ ንፍጥ ያለ ነገር ይወጣል። አንድ ወንድም ይህን አይቶ "ተሰፍቶ የነበረው ተፈታ" ብሎ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሯል። የተፈታ ነገር የለም፤ ቀሪው አንጀት እንደ ወትሮው እያረጠበ ነው።

ሸክም ቢያንስ ለስድስት፣ ለስምንት ሳምንት የለም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው። እንጨት፣ የቡና ጆንያ፣ የቆጮ እስር፣ ሁሉም ይቅር፤ አለበለዚያ በስቶማው ጎን አንጀት ቆዳውን ገፍቶ ይወጣል። እህቶች ላይ ነው የምፈራው። ባሏ "ተሽሎሻል እኮ" ሲላት ወደ ምንጭ ትወርዳለች። አንተ ባል፣ ውሃውን አንተ ቅዳ። ቦንጋ ላይ ወንድ ጀሪካን ተሸክሞ ቢታይ ሰማይ አይወድቅም።

ስለ መብል ብዙ አልልም። አላምጠህ ብላ። ኢሊዮስቶሚ ያለበት ሰው ቆሎ፣ በቆሎ እሸትና እንጉዳይ ሳይደቅቁ ሊዘጉበት ይችላሉ። ጎመንና ባቄላ አየር ያበዛሉ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ሽታ ይጨምራሉ፤ ግን ሰው ከሰው ይለያያልና አንዱን አንድ ቀን ቀምሰህ እይ እንጂ ሁሉንም በአንዴ እርም አታድርግ። ቡናችንንም አልከለክልህም፤ ካፋ ላይ ቆሜ ይህን ብል ማን ይሰማኛል? ቡና ግን አንጀትን ያንቀሳቅሳል፣ የውሃንም ቦታ አይተካም።

ስለ ጾም ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ጸሎተኞቻችን እዚህ ላይ ይጎዳሉ። ውሃና ጨው መጥጦ የሚያስቀረው ትልቁ አንጀት ነው። ኢሊዮስቶሚ ያለበት ሰው እሱን ስለማይጠቀም ውሃው እንዳለ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሰው ያለ ውሃ ሦስት ቀን ልጹም ቢል ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። አፍ ሲደርቅ፣ ስትነሣ ዓይንህ ሲጨልም፣ ሽንትህ ጥቂትና ጠቆር ያለ ሲሆን ኦአርኤስ ጠጣ። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ፤ ጨውን ከዚህ አታብዛ። ጉባኤው ደረቅ ጾም ሲያውጅ አንተ ውሃህን ይዘህ አብረህ ጸልይ። መሪዎችም "ይኼኛው ለምን ይጠጣል?" አትበሉ።

ሽታውስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ከጉባኤ የቀረው። ስማኝ፤ በልኩ የተቆረጠና ያልፈሰሰ ከረጢት አይሸትም። የሚሸተው ሲፈስና ሲደፋ ነው። ሲደፋ ደግሞ የማን ሰገራ ነው የማይሸተው? ድምፁ ግን ይኖራል። ስቶማ የሚቆጣጠረው ጡንቻ የለውም፤ አየሩን "ቆይ" ልትለው አትችልም። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲጸልይ ድንገት ሊያሰማ ይችላል። መዳፍህን በልብስህ ላይ ቀለል አድርገህ ብታሳርፍበት ይቀንሳል። ባይቀንስስ? አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ሲያገሳ ማን ከጉባኤ አስወጣው? ጌታ በማርቆስ 7 ምግብ ወደ ሆድ ገብቶ እንደሚወጣ ሳያፍር ተናግሯል፤ ሰውን የሚያረክሰው በዚያ የሚወጣው ሳይሆን ከልብ የሚወጣው ክፋት እንደ ሆነም አስረድቷል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን የሚያስፈልጉ እንደ ሆኑ፣ የምናፍርባቸውንም አብልጠን እንደምናከብራቸው ሲጽፍ ስለ እውነተኛ ገላ እያሰበ ነው የጻፈው።

በአገራችን ይህን የኖሩ እህቶች አሉ። ምጥ ቀናት ሲቆይባቸው የሕፃኑ ጭንቅላት ሥጋቸውን ተጭኖ አድርቆ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ፊስቱላ የምንለው ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ሕክምናው በነጻ ነው፤ ወደ እኛ ወደ ምዕራብ ደግሞ መቱ ላይ ማዕከል አለ። ከታካሚዎቹ አብዛኞቹ ተሰፍቶላቸው ይድናሉ። የጥቂቶቹ ፊኛ ግን ፈጽሞ ስለሚጠፋ ሽንታቸው በሆዳቸው በኩል እንዲወጣ ይደረጋል፣ ከረጢት ይዘው ይኖራሉ። ከረጢት ወደማይገኝበት ገጠር እንዴት ይመለሱ? ለእነዚህ ሴቶች ነው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የተሠራው። ስሙን ልብ በሉት፤ "የሕሙማን ሰፈር" አላሉትም። ከሃምሊኖቹ ታካሚዎች መካከል ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ደግሞ መደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳይኖራቸው ከእነሱ ቀዶ ሕክምና ተምረው እንደ እሳቸው የታመሙትን ሴቶች ያክሙ ነበር። የፈሰሰባት ሴት የማትረባ ናት ላለ ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

የምትለጥፈው ከረጢትም ታሪክ አለው። ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል የዴንማርክ ነርስ ነበረች። እህቷ ቶራ ስቶማ ተሠርቶላት፣ ሰው መሀል ይፈስብኛል ብላ ከቤት መውጣት ፈራች። ኤሊሰ እ.ኤ.አ. በ1954 ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ከረጢት አሰበች። ፕላስቲክ ከረጢት ወደሚያመርት መሐንዲስ ሄደች፤ መጀመሪያ እምቢ አላት። ሚስቱ ነርስ ነበረችና ነገሩ ገብቷት ባሏን ገፋፋችው፣ ተሠራ። እንግዲህ ዛሬ በየአገሩ ያለው ሰው የሚለጥፈው ከረጢት መነሻው አንዲት ሴት "እህቴ ለምን ከቤት ትቀራለች?" ማለቷ ነው። የእኛ ጉባኤ ስንት ቶራዎች ቀሩበት? ቤታቸውስ ማን ሄደ?

ካፋ ላይ ሰውን ከደጅ ማቆም እናውቅበታለን፤ እንደማመጥ። ማንጆ ወገኖቻችን ወደ ቤታችን ሳይገቡ፣ ከዕቃችን ሳይበሉ፣ "ርኩስ" እየተባሉ ኖረዋል። አሁንም በልባችን ጨርሶ የጠፋ አይመስለኝም። ወንጌልን ሰምተናል ካልን፣ ያንን ልማድ ከአንዱ ወገን አንሥተን የሆድ ሕመምተኛው ላይ እንዳናሳርፈው።

ደግሞ የእኛው አገር ሰው በሐዋርያት ሥራ 8 አለ። ጃንደረባው። ገላው ላይ ቢላዋ ያረፈበት ሰው ነው። በዘዳግም 23 መሠረት እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጉባኤ አይገባም ነበር። ሆኖም ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዷል፤ ሲመለስም በሠረገላው ላይ ኢሳይያስ 53ን እያነበበ ነበር። ጥቂት ገጽ ገልጦ ቢቀጥል ምዕራፍ 56 ላይ ለጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት ስፍራና ስም እንደሚሰጣቸው የተነገረውን ተስፋ ያገኛል። ውሃ ሲያይ ከመጠመቅ ምን እንደሚከለክለው ጠየቀ። ፊልጶስ ገላውን አልመረመረም፤ አብሮት ወረደ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ጥምቀት ስለምትጠይቁኝ ነው። "ከረጢት እያለብኝ ወንዝ ልገባ እችላለሁ?" ትችላለህ። ቁስሉ ጠግጎ ሐኪምህ ከፈቀደ ውሃ በስቶማው በኩል ወደ ውስጥ አይገባም፤ ታጥበህ የለ? ከመጠመቅህ በፊት ከረጢቱን አፍስሰው፣ ዳርና ዳሩን በፕላስተር አጠናክረው፣ ጠቆር ያለ ወፍራም ልብስ ልበስ፣ መለወጫ ያዝ። አጥማቂው አስቀድሞ ይወቅ፤ ሆድህን ሳይሆን ጀርባህንና ትከሻህን ይይዝልሃል።

ባልና ሚስት ላላችሁ አንድ ቃል። ስቶማ ትዳርን አያፈርስም፤ ዝምታ ነው የሚያፈርሰው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሐኪም ሲፈቅድ አልጋችሁን አትለዩ። ከረጢቱን አፍስሱት፣ በመቀነት ወይም በቀጭን ጨርቅ ሸፍኑት፣ ተነጋገሩ። ስቶማ ያላት ሴት ማርገዝም መውለድም ትችላለች፤ ክትትሏን ግን በሆስፒታል ታድርግ። የትዳር ጓደኛህ መጀመሪያ ቀን ፊቱን ቢያዞር ወዲያው "ጠላኝ" አትበል፤ አንተ ራስህ ስቶማውን ለማየት ስንት ቀን ፈጀብህ?

ሽማግሌዎች፣ ዲያቆናት፣ አስተናጋጆች፤ አሁን ደግሞ እናንተ። የቤተ ክርስቲያናችሁን ሽንት ቤት ሂዱና እዩት። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ውሃ አለ? ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ወይም ሚስማር አለ? ከረጢት የሚለውጥ ሰው ሁለት እጁም ሥራ ላይ ነው፤ ቦርሳውን በጥርሱ ይዞ እንዲቆም አታድርጉት። መክደኛ ያለው የቆሻሻ ዕቃ አስቀምጡ። በር አጠገብ ከዳር ባለው ወንበር ሁለት ቦታ ክፍት ይተው፣ ለምን እንደተተወም በማይክ አይነገር። መሀል ስብከት ተነሥቶ የወጣን ሰው በዓይን አትከተሉት። ጅማ ለቀጠሮ የሚሄድ ካለ ለመኪናው የሚሆን ከምጽዋቱ ሣጥን ይውጣለት። የሚመለስበትን ቀን ደግሞ ጠይቁትና ጻፉት፤ ያን ቀን ጀሪካኑን የሚሞላለት ወጣት ከአሁኑ ይመደብ።